ምድር ስትንቀጠቀጥ እኔ ሐሙሲት ነበርሁ

ጥሩዬ፣ የኔ ጠማማ፣

ከተለየሽኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ከእኔ ንዝንዝ ያረፈ ሰው ደህና ነው። እኔም አለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ሎሚሽ አፍርቷል። የጓዳው ግድግዳ ስንጥቅ ግን ብለስነውም ጭቃዬን መልሶ ይተፋዋል፤ የአንቺን እጅ ለምዶ።

ይህን የምጽፍልሽ ለናፍቆት ብቻ እንዳይመስልሽ። ክስ አለኝ።

የልጅሽ ልጅ ሰብለ አዲስ አበባ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት እየሠለጠነች ነው። ባለፈው ወር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ሥልጠናቸው የሚያልቀው ሽማግሌ እየጠየቁ፣ ድሮ ምድር በተንቀጠቀጠች ጊዜ የት ምን ያህል እንደተሰማ በካርታ ሲያሳዩ ነው። መቼ እንደሚመጣ ልትነግሪን ነዋ ብላት፣ ቀኑንስ እኛም አናውቀውም አባባ፣ ቢመጣ የት እንደሚበረታ ለማወቅ ነው አለችኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ ብዬ ቀለድሁባት። የፈቃድ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ አብሬያት የሄድሁት ግን እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ፣ ጓድ አባባ፣ ምድሪቱ ለምን ተንቀጠቀጠች ብሎ እንደ ፀረ አብዮተኛ መረመረኝ።

ከዚያ ወዴት የሄደች ይመስልሻል? ወደ እንድሪስ! ወደ ጀልባ ሠሪው ጎረቤታችን። እኔንም አስከትላ።

እንድሪስ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ምድር የተንቀጠቀጠችባትን ያችን ቀን እንደ አዲስ ተረከላቸው። አንቺ ዓሣ ልትገዢ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደሽ ነበር። ሐይቁ ያለ ነፋስ ተነሣ፣ ሳንቃዎቹ ረገፉ፣ ጅምሩ ጀልባ እንዳይወድቅ አንድ ጎኑን አንቺ፣ ሌላውን እሱ ይዛችሁ ቆማችሁ። ከዚያ ሁለታችሁም በሳቅ ፈረሳችሁ። ልጆቹ አፉ ውስጥ ሊገቡ ምንም አልቀራቸው።

ይህን ታሪክ እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ዕድሜ ልካችሁን በአጥር ላይ ስትተያዩ "ያች ቀን" ትባባሉና ትስቃላችሁ። እኔ መሐል እንደ ባዳ እቆማለሁ። ባሕር ዳር ሁሉ ሲነቃነቅ፣ እኔ በሐሙሲት መንገድ ከአህያዬ ኋላ እየሄድሁ ምንም አልሰማሁማ።

ተራዬ ሲደርስ ቅናት አነቀኝ። ሐሙሲት ላይ ምድር ከነአህያዬ አንሥታ ጣለችኝ፣ የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ሁሉ ረገፈ አልሁ።

ሰብለ ዓይኗ በራ። ለካስ ወደዚያ ነው የበረታው ብላ እርሳሷን አነሣች። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ቦታ ነው እያለች፣ በመምህሮቿ ፊት የምታቀርበውን የመጀመሪያ ሥራዋን በእኔ ውሸት ላይ ልትሠራው ነው። እንድሪስ አየኝ። እሱ ያውቃል፤ ያን ዕለት ስመለስ ከተማው ምን ሆኖ ነው ብዬ የጠየቅሁት እሱን ነውና። ግን ዝም አለልኝ። ጥሩዬ፣ ቢሳለቅብኝ እችለው ነበር።

ሰብልዬ ሰርዢው፣ እኔም አህያዬም ምንም አልሰማን አልኋት።

ትቆጣለች ስል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳቋ የአንቺው ነው። ከዚያ፣ አባባ፣ ያልተሰማበትም ቦታ ለእኛ ምስክር ነው፣ የት እንዳበቃ ሌላ በምን እናውቃለን አለች። ብቻ ይንገሩኝ፣ ቆመው ነበር ወይስ እየሄዱ? እየሄድሁ ነዋ አልሁ። እንግዲያው አለች፣ የሚሄድ ሰው ደከም ያለው መንቀጥቀጥ አይሰማውም፣ ከእግርዎ ሥር አልፎም ይሆናል።

ሐሙሲት ላይ ባዶ ክብ አድርጋ በጎኑ የጥያቄ ምልክት ጻፈች። ያ እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ያለው ጥቁር ነጥብ እናንተ ናችሁ። ክቤን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝ ብላት እምቢ አለችኝ፤ የነበሩበት ነዋ የሚጻፈው አለች። በካርታም ከእንድሪስ ጋር ሆንሽ!

አንድ ነገር ግን እበልጠዋለሁ። የእሱ መቃብር ወዲያ ማዶ ከወገኖቹ ጋር ነው፤ የእኔ ከጎንሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ያችን ቀን አልረሳልሽም። ሳንቃው እንዴት እንደረገፈ፣ ጀልባውን እንዴት እንደያዝሽ፣ ያላየሁትን ሁሉ አስታውስልሻለሁ። ስቀበር ግን እንደዚያ ቀን መንገደኛ አልሆንም፤ ከጎንሽ ጸጥ ብዬ እተኛለሁ። ምድር ትንሽ እንኳ ብትነቃነቅ ይሰማኛል። የምትስቂውም ከእኔ ጋር ይሆናል።

ቀናተኛው ባልሽ