ከጨው ሐይቁ ዳር ድንች በቅሏል

መርዕድዬ፣ አሜሪካ ለመግባት አለፋችሁ! አንተም፣ አረጋሽም፣ ሉሊትም፣ ሦስታችሁም! ዛሬ ጠዋት ከስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ደውለው ሲነግሩኝ ስልኩን ሳልዘጋ እልል አልኩባቸው።

ውይ፣ ሰላምታውን ረሳሁት! ለመሆኑ እንዴት ሰነበታችሁ? የገዳሪፍ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ወንድሜ፣ ወገብህን ተሻለህ ወይ? የሉሊት ሳልስ ለቀቃት? እኔና ባለቤቴ ብርሃኑ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነን፣ ስሙ ይመስገን።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። የሚቀበሏችሁ ሰዎች ያሉት አትላንታ ሳይሆን፣ ያው እንደፈራኸው፣ ዩታ ግዛት፣ ጨው ሐይቅ ዳር ካለችው ከተማ ነው። ባለፈው ጨው በረሃ ወስደው አሞሌ ሊያስፈልጡኝ ነው ወይ ብለህ ስትጽፍልኝ፣ እኔ ሞኟ እምቢ በል፣ አትላንታን ጠብቅ ብዬህ ነበር። ያንን ቃሌን አንሥቻለሁ። እምቢ ካልክ ፋይላችሁ ተመልሶ ከሰልፉ ጭራ ይገባል ብለውኛል። እስከ ግንቦት አጋማሽ መፈረም አለብህ።

ሐሳቤን ያስለወጡኝ እዚህ ብሩክሄቨን የሚባል ሰፈር የማስታምማቸው አሮጊት፣ ሚስ ክላራ ናቸው። ትውልዳቸው እዚያው ነው፣ ሞርሞን ከሚባሉት የሃይማኖት ወገን። ስለ አሞሌው ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐይቁ እንኳን ወንድምሽን እኔንም አያሰጥምም፣ በላዩ ያንሳፍፋል አሉኝ። አያታቸው በሃይማኖታቸው ምክንያት ከቀዬአቸው ተባርረው፣ በዘጠኝ ዓመታቸው የእጅ ጋሪ እየገፉ በእግር ነው የገቡት። ድሮ አገሩን ያሰሰ አንድ አዳኝ ውኃውን ቀምሶ ውቅያኖስ ደረስኩ ብሎ ነበር አሉ። እህል አይበቅልበትም ያለውም ብዙ ነው። መጀመሪያ የደረሱት ሰዎች ግን ማረሻው ደረቁ መሬት ላይ ቢሰበርባቸው፣ ከተራራው የሚወርደውን የበረዶ ውኃ ጠልፈው አጠጡትና በዚያው ሰሞን ድንች ተከሉ። ከሁሉ የገረመኝ ምን መሰለህ? በመንገዳቸው ያረፉበትን መሬት አርሰው፣ ዘርተው፣ ሳያጭዱት ይሄዱ ነበር፤ ከኋላ ለሚመጣ ለማያውቁት ሰው። ሸለቆውም ባዶ አልነበረም፣ ከጥንት የሚኖሩበት ባለአገሮች ነበሩበት፤ ይህን ሲነግሩኝ የሚስ ክላራ ድምፅ ዝቅ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀልቤ እዚያ ነው። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነጫጭ የጭነት መኪኖች ሸራ የለበሱ የእነዚያ ተጓዦች ጋሪዎች ይመስሉኛል። አንተ ከፊት ትመራለህ፣ ሉሊት ከጋሪው ላይ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ከሩቅ ተራራው በረዶውን ደርቦ ይጠብቃችኋል። እንዲህ ሳይ አውቶቡሱ ሁለት ቀን ጥሎኝ ሄደ!

ሞርሞኖቹ በሃይማኖታቸው ቡና አይጠጡም። አረጋሽ ይህን ሰምታ ጉዞው ይቅርብኝ እንዳትል፤ ሚስ ክላራ ራሳቸው እኔ ካፈላሁ እምቢ አይሉም፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብቻ ይሉኛል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጎረቤቴ ብትሆኑ በወደድኩ፤ አልጋችሁን እንኳ አንጥፌ ነበር። ግን ባሕር ከሚለየን የአውቶቡስ መንገድ ቢለየን ይሻለኛል። ፈርም፣ ወንድምዓለም። ዘንድሮ እናንተ ግቡ፤ በኋላ ለሚመጣው ወገናችን ደጅ የምትከፍቱት እናንተ ትሆናላችሁ።

አረጋሽን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ሉሊትን አክስትሽ ጫማ ገዝታልሻለች በላት። ጎረቤታችሁን እማማ ገበያነሽን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ብርሃኑም ሁላችሁንም ሰላም ብሏል።

እህትህ ፀሐይነሽ
አትላንታ፣ መጋቢት 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሳልረሳው፣ እዚያ ከተማ የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች ሸለቆው የገቡበት ቀን በየዓመቱ በሰልፍና በሙዚቃ ይከበራል። እኔና ብርሃኑ በአውቶቡስ እንመጣለን፣ ዘመዳችን እትዬ ወይንሸትም ከዳላስ ትመጣለች፣ ሚስ ክላራም ጥላችሁኝ ብትሄዱ ወዮላችሁ ብለዋል። እናንተም በቦታችሁ ተገኙ፤ ሐምሌ 17 ቀን፣ ሐሙስ፣ ማንም እንዳይቀር!