የወጥ ቤቱ ቧንቧ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ከጾሙ በፊት የመጨረሻዋ ቀን። ፓንኬክ ጋገርኩ። ባሌ ሌስ ሰባት በላ፣ ስምንተኛውን ለውሻው ሰጠ። ጠዋት ስናልብ ያቺ ቀንደ ቆራጣ ላም ረገጠችኝ። ሰደብኳት። ላም መስደብ ኃጢአት ነው? አሰዳደቤን ለሰማ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ከልቤ ነው። ስድሳ አራት ዓመቴ... እስከ መቼ? አምና ቸኮሌት ተውኩ፤ በፋሲካ ስመዘን ሦስት ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ። ዘንድሮ ሻይ ያለ ስኳር፣ ማማረር የለም፣ በቀን አንድ ማንም የማያየው በጎ ሥራ። ቅዱሳን ሁሉ ገዳም አልገቡም። ሳህን እያጠቡም ይጸደቃል ይላሉ። እስቲ እናያለን።

ረቡዕ፣ ማርች 5

የጾም መግቢያውን አመድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግንባሬን ተቀባሁ። ገበያ ውስጥ ሦስት ሰው ግንባሬን አየ። ደስ አለኝ። ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ በትዕቢት ወደቅኩ።

እሑድ፣ ማርች 9

ልጄ ዳሚየንና ሚስቱ ቴጋን ለምሳ መጡ፣ ዊላን ይዘው። የልጅ ልጄ ሰባት ወሯ፤ እስካሁን ክርስትና አልተነሳችም። ነገሩን ቀስ ብዬ አነሳሁት። ቀስ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ።

"ስታድግ ራሷ ትምረጥ" አለች ቴጋን።

"ስሟንስ ራሷ ናት የመረጠችው?"

"እማዬ፣ ተይ በቃ" አለ ዳሚየን።

ዝም አልኩ። ትዕግሥት እንዳይመስለኝ፤ አፌ ድንች ሞልቶት ነው። ቴጋን ክፉ አይደለችም። ቤተ ክርስቲያን ሳታውቅ ያደገች ልጅ ምን ታድርግ? የእኔው ግን... ስንት ዓመት ከመሠዊያው ሥር ሻማ ይዞ የቆመ ልጅ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ሌስ፦ "በጾም ካንቺ ጋር መኖር ራሱ ጾም ነው።" ሳህኑን አስቀመጥኩለት አይባልም፣ ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ቴጋን ሥራ ጀመረች፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ረቡዕ ረቡዕ ዊላ እኔ ጋ ልትውል ነው። የእንቅልፏን ሰዓት፣ የምግቧን ሰዓት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችልኝ። ሦስት ልጅ ላሳደግኩ ሴት። ንድድ ብዬ ሳለሁ በሩ ላይ ዞር አለችና "ሌላ ሰው ጋ ብትሆን ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ ነበር የምውለው" አለችኝ። ንዴቴን የት ላድርገው?

ረቡዕ፣ ማርች 26

አደረግኩት።

ምሳዋን አብልቻት ፊቷ ዱባ በዱባ ሆኗል። ወጥ ቤት ቧንቧው ሥር ይዣታለሁ። ውሃው ለብ ብሏል፣ ቤቱ ጭር ብሏል። እጄ ቀደመኝ ብል ውሸት ነው፣ ሳምንት ሙሉ ሳስበው ነበር። ሦስት ጊዜ አናቷ ላይ አፈሰስኩ። ዊላ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ። አስነጠሳት።

ሰላም አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሌስ ገባና "ምን ሆነሻል? ፊትሽ ቲማቲም መስሏል" አለኝ። "ምንም" አልኩ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዋሸሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ነፍሷን አዳንኩ ወይስ ሰረቅኩ?

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ንስሐ ገባሁ። አባ ቢጁ ከሕንድ ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ስለ ሌስ ጀመርኩለት፣ ቅዳሴ እንደማይመጣ፣ እንደሚያበሽቀኝ...

"እሱ ሲመጣ የራሱን ይነግረኛል" አለ። "እርስዎ የእርስዎን።"

ነገርኩት።

"ሕፃኗ ታማ ነበር?"

"ኧረ ጉንፋን እንኳ የላትም።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?"

ጥምቀቱ አይሻርም አለኝ፤ ግን ወላጆቿ ሳይፈቅዱ መሆን አልነበረበትም። ሄደው ይንገሯቸው አለኝ።

"ቀኖናዬ ይሄ ነው?"

"ቀኖናዎ አንድ አባታችን ሆይ ነው። ማወቅ ግን የእነሱ መብት ነው።"

ይቅርታ ልቀበል ሄጄ ሥራ ተሸክሜ መጣሁ። ተናድጃለሁ። ለእሱ ቀላል ነው፣ ምራት የለው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ዛሬ ልነግራት ነበር። ቴጋን ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እቅፍ አደረገችኝ። "ኖላ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" ሳልነግራት ሸኘኋት። ከነገርኳት ዊላን አላያትም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበር ሁሉ ወለወልኩ። ሁለት በሽተኛ ጠየቅኩ። መቁጠሪያ በቀን ሦስት ጊዜ። ስኳሩ አልበቃ ብሎ ሻዩንም ተውኩት። አንዲቱን ነገር ላለማድረግ ሃያ ሌላ አደረግኩ።

"ለመሆኑ ማንን ገድለሽ ነው?" አለኝ ሌስ።

አለቀስኩ፣ ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። "አንቺ ሴትዮ..." አለ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ነገርኳቸው። እነሱ ቤት፣ እንደቆምኩ። ዳሚየን መስኮት መስኮቱን አየ። ቴጋን አልጮኸችም።

"መቼ?"

"የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን።"

"ምን ለብሳ ነበር?"

"ምን?"

"ልጄ። ምን ለብሳ ነበር?"

አላስታወስኩም። ውሃውን አስታውሳለሁ፣ ቃሉን አስታውሳለሁ፣ ልብሷን... የለም።

"እኔ በዚህ አላምንም" አለች። "አንቺ ግን ታምኛለሽ። ለአንቺ በሕይወቷ ትልቁ ቀን ነው። እናቷን ሳትጠሪ አሳለፍሽው።"

ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ዳሚየን እስከ መኪናው ሸኘኝ። "ለረቡዕ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን፣ እማዬ።"

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ቤቱ ባዶ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ እንዳለ ነው። እውነት ያሳርፋል ያለው ማን ነው? እግዜርን ራሱን ተቆጣሁት። ስንት ዓመት ስደክምለት... ደግሞ ለእሱ ነበር የደከምኩት?

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ትንሣኤ። አልመጡም። ሌስ ሻይ አፈላልኝ፣ ሁለት ስኳር ጨምሮ። ምንም አልጣመኝም፤ ጠጣሁት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

ቴጋን ሳትደውል መጣች፣ ዊላን ታቅፋ።

"የሥራ ቀኔን ቀይሬያለሁ" አለች። "ረቡዕ ይዣት እመጣለሁ፤ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ። ላንቺ ብቻ አልተዋትም። ንዴቴ አልወጣልኝም።"

"እሺ።"

ድሮ ቢሆን፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ልጠበቅ? እል ነበር። ሌባስ ነኝ። ወንበር ሳብኩላት። ተቀመጠች፣ ዓይኗ ከእጄ አልተነቀለም። ስለ ጥምቀት እኔም አላነሳሁ፣ እሷም። ዊላ የተቀቀለ ፖም በላች፣ አገጯ ላይ ተዝረከረከ። ፎጣ በውሃ ነከርኩ። ወደ ልጅቷ ሳልዘረጋ ቴጋንን አየኋት። በዓይኗ እሺ አለችኝ። ከዚያ ጠረግኩላት።