ያልተቀደዱት አልጋዎች

ሰበታ፣ ኅዳር 12 ቀን 1963
ሃያ የሸራ አልጋ መጣ።

ኅዳር 13
የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነኝና ቆጠርኩ፣ ፈርሜ ተረከብኩ። ለጤና ጣቢያችን ብርቅ ነው፤ ያሉን ስድስት አሮጌ አልጋዎች ናቸው። ኮሌራ በአዋሽ ዳር እየመጣ ነው ይላሉ። ድንኳን ተተከለ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ በረኪና በበርሜል ገባ።

ከሰዓት ሲስተር ስንዱ መቀስ ይዛ መጣች። የያንዳንዱ አልጋ መሐል ይቀደድ፣ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥ አለች። በሽተኛው እንዳይነሣ፣ እንደተኛ ተቅማጡ እንዲወጣለት።

"አዲስ የመንግሥት ንብረት? በኔ ፊርማ የገባ? ያለ ደብዳቤ?"

"አቶ ተድላ፣ በሽታው ደብዳቤ ጽፎ ነው እንዴ የሚመጣው?"

መቀሱን ተቀበልኳት። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ኅዳር 14
ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። "ለመቅደድ እንዲፈቀድልን…" ጥሩ ደብዳቤ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ኅዳር 19
መልስ የለም።

ኅዳር 21
ዘጠኝ ሰው ገባ። እማማ ተረፈች ከፉሪ በቃሬዛ መጡ፣ ልጃቸው ኦቦ ቀጄላ ከፊት ተሸክሞ። አሮጊቷ ሸራውን ዳሰስ አደረጉ።

"ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ይኼን የመሰለ የመንግሥት አልጋ ላበላሽብህ?"

"ግድ የለም እማማ፣ ይተኙ።"

ግድ የለም… ምን ማለቴ ነበር? ባልዲው ከሥር ተቀምጧል። ቀዳዳ ከሌለው አልጋ ሥር!

ኅዳር 22
ሲነጋ እማማ ተረፈች ከአጥሩ ሥር ሞተው ተገኙ። የግሉኮሱን መርፌ ከክንዳቸው ነቅለው፣ ድኸው ወጥተዋል። እንዳያበላሹብኝ።

ኦቦ ቀጄላ አልጋውን አየው። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

"ንጹሕ ነው" አለኝ። "ይቁጠሩና ይረከቡኝ።"

ስንዱ ባዶውን ባልዲ ከአልጋው ሥር አንሥታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 23
አዲስ አበባ ሄድኩ። ፈቃድ ፍለጋ… አሁንም! ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ ፊርማ!

የመዝገብ ቤቱ ሰው ደብዳቤዬን ከክምር ሥር አወጣው።

"ይቀደድ ሲሉ… ስፋቱ ስንት? ምክንያቱስ? እዚህ ላይ ይሙሉልኝ።"

ቅጹን ሰጠኝ። ስሜን ሞላሁ። የአልጋውን ብዛት ሞላሁ። "ምክንያት" የሚለው ጋ ደረስኩ። "እማማ" ብዬ ጻፍኩ… ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ አለኝ።

ብዕሬን ከነወረቀቱ ትቼ ተነሣሁ።

"አቶ ተድላ! አልፈረሙም እኮ!"

ደረጃውን ወረድኩ። መቀሱ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው።