ፔኔሎፔ ስለመታመሟ ማስረጃ ባለመቅረቡ

ለተከበሩ የጤና ባለሙያዎች የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠበቀ እንዲሆን፣ ከእኛ ቤት የጠፋው እንቅልፍም እርስዎ ዘንድ ገብቶ በሰላም እንዲያሳድርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የዋልኩበትን በደብተሬ አስፍሬ መተኛት ልማዴ ስለሆነ ለሰው ደብዳቤ ልጻፍ የሚል ሐሳብ ብዙም አይመጣብኝም። ሰሞኑን ግን ስለ ገበያው ልጽፍ ደብተሬን ስከፍት እጄ የእርስዎን ክፍል ስም እየጻፈ አስቸግሮኛል። እነሣለሁ፣ እዞራለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ነገሩ በደብተር የሚያልቅ እንዳልሆነ ሲገባኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

ጉዳዩ የታናሽ እህቴ ነው። እህቴ ነርስ ናት። የሕፃናት ክፍሉ ዋና ነርስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ክፍሉን በተጠባባቂነት ይዛ የምታሠራው እሷ ናት። ሹመቱ እንዲጸናላት የእርስዎን ፈተና ማለፍ ነበረባት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላለፈች ግን ክፍሉን ለቅቃ ካርድ ክፍል እንድትገባ ተነግሯታል። ስለዚህ ለፈተናዎ ያለኝን አድናቆት እንደሚከተለው በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. ጥያቄዎ “ፔኔሎፔ በሚለው ስም አምስት ትክክለኛ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ” ይላል። ፔኔሎፔ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምትፈልግ አይናገርም። እህቴ ደግሞ የማታውቀው ሰው ስም በወረቀት ተጽፎ ሲሰጣት የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጋ ትፈልግለታለች። በፈተናው ላይም ያንኑ አደረገች። ፔኔሎፔን ተቀበለቻት፣ ትኩሳቷን ለካች፣ ውኃ በብዛት አጠጣቻት፣ እናቷ አጠገቧ እንድታድር ፈቀደች፣ ጠዋት ሐኪም እንዲያያትም አስመዘገበቻት። አራሚዎ በአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ላይ አንድም ስሕተት አላገኘም፤ ውጤቱ ግን ዜሮ ነው። ከግርጌው በቀይ “ፔኔሎፔ ስለመታመሟ ማስረጃ አልቀረበም” ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ጥንቃቄ እጅግ እናመሰግናለን። ጤነኛ ሰው ያለ ማስረጃ አልጋ እንዳይዝ ቀን ከሌት የሚጠብቅ ክፍል መኖሩን እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር።

፪. አቤት ልንል በመጣን ጊዜ በመስኮቱ በኩል የተቀበሉን ሠራተኛዎ ትሕትና እስከ አሁን ከዓይኔ አልጠፋም። “ይስሙኝ ሲስተር፣ ፔኔሎፔ እኮ በግሪኮች አፈ ታሪክ ባሏን ስትጠብቅ የኖረች ታማኝ ሚስት ናት፤ ይኼን የማያውቅ አለ እንዴ?” አሏት። እህቴ “ታዲያ ጥያቄው ላይ ብትጽፉት ምን ነበረበት?” ብትላቸው፣ “ከጻፍነውማ ምኑን ፈተና ሆነ!” ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። ይህን መልስ ለራሴ ወስጄዋለሁ። ከእንግዲህ በታሸገው ጥቅል ውስጥ ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ የሚጠይቀኝ ደንበኛ ቢመጣ፣ ከነገርኩህማ ምኑን ግዢ ሆነ እለዋለሁ።

፫. ሠራተኛዎ ካሳፈሩን በኋላ ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩት። ባልየው ከጦርነት ሳይመለስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሊያገቧት የመጡ ወንዶች ቤቷን ይሞሉታል። እሷም ለአማቷ የመገነዣ ጨርቅ ሸምኜ ስጨርስ አንዳችሁን እመርጣለሁ ትላቸውና ቀን የሸመነችውን ማታ ትተረትረዋለች። ሴትየዋን አደነቅኋት። ይበልጥ የገረሙኝ ግን ሰዎቹ ናቸው። ከአንዱ ወር ወደ ሌላው “ገና አላለቀም” እየተባሉ፣ አንዳቸውም ተነሥተው ጨርቁ የት ደረሰ ብለው ሳያዩ በሰው ቤት እየበሉ የሚጠብቁ! እንዲህ ያለ ደንበኛ ከእርስዎ ተፈታኞች በቀር በምድር ላይ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። አድራሻቸው በክፍልዎ ካለ ቢሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬. ከአቤቱታችን በኋላ ስለሰጡን ድጋሚ ፈተና አጭር ላድርገው። ተፈታኞች እንዳይሳሳቱ በማሰብ “ምሳሌ የሚሆኑ” አምስት ዓረፍተ ነገሮች በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጥፈው ነበር፤ ፔኔሎፔ ታማኝ ናት፣ ፔኔሎፔ ትዕግሥተኛ ናት፣ እያሉ የሚቀጥሉትን። እህቴ “ጋሼ፣ እኔ ይኼን ለየትኛዋ እናት ነው የማስረዳው? የውጭ ሐኪም ሲመጣ ‘ልጁ ትዕግሥተኛ ነው’ ልበለው?” ብላ አሻፈረኝ አለች። እኔ ነኝ የለመንኳት። ዕቃው የእነሱ፣ ዋጋው የእነሱ፣ ሸምድጂና መልሰሽ ስጫቸው አልኳት። ሸመደደች። ሌሎቹም ተፈታኞች ሁሉ ሸምድደው ኖሯል። ክፍልዎም የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱን በንቃት ደርሶበት ፈተናውን በኩረጃ ምክንያት ሰርዞታል። በራሱ ሰሌዳ ላይ የለጠፈውን ለይቶ ማወቅ የቻለ መሥሪያ ቤት ሊመሰገን ይገባዋል።

በእኔ በኩል የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያውን ወረቀቷን ያውጡት፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከተቻለም የታመመ ልጅ አስታሞ የሚያውቅ ሰው፣ እንደገና ያንብበው። እንግሊዝኛዋ ስሕተት ከሆነ ካርድ ክፍል ትግባ፤ እኔ ራሴ ወንበሯን ተሸክሜ አደርሳታለሁ። ልክ ከሆነ ግን ለልጆቹ ይተዉልን።

ለሚያባክኑልን ውድ ጊዜ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ በመስኮትዎ ሥር ለመሰለፍ ምንጊዜም ዝግጁ የሆንኩ፣ ክብርዎን ከሩቅ የምመለከት፣

የነርሷ ታላቅ ወንድም፣ ብርድ ልብስ ነጋዴው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳላወጣው ወሩ አለቀ። እህቴ እንደታዘዘችው የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለማስረከብ ወደ አስተዳደር ሄዳ ነበር። ጸሐፊዋ “ሲስተር፣ ለማን ብዬ ልቀበልሽ?” ብላ ጠየቀቻት፤ “ፈተናውን ላለፈው” አለቻት። ጸሐፊዋም ወረቀቷን ገላልጣ “ያለፈ እኮ የለም” ብላ ቁልፉን መለሰችላት። ስለዚህ እህቴ በአሁኑ ሰዓት በወረቀት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስትሆን፣ መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ግን ካርዶቹን ትታ ወደ ሕፃናቱ ትሮጣለች። ድርጊቱ መመሪያዎን የጣሰ መሆኑን ስለምናውቅ በአስቸኳይ መጥተው እንዲያስቆሟት በትሕትና እንጠይቃለን። ሲመጡ ግን ልጆቹ ገና መተኛታቸው ስለሆነ በሩን ቀስ ብለው ይክፈቱት።