መጨረሻቸው ያልተመለሰ መጻሕፍት

ውድ ሕዝቅያስ፣

«እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በቅርቡ ቴፒ ድረስ መጥቼ ተጨባብጠናል፣ ስለ ጤናም ስለ ዝናቡም ተጠያይቀናል፣ ባለቤትህ ሔዋንም ፓፓያ ቆርጣ ጋብዛኛለች። ስለዚህ ሰላምታው አልፏል ብለህ ቁጠርልኝ። ያን ቀን ለሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ነው የመጣሁት ብዬህ ነበር። ሠርግ አልነበረም። ከሚዛን ተነስቼ የመጣሁት አንተን አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ጠየቅኩህ፣ መልሱንም ሰማሁ፤ ለምን እንደጠየቅኩህ ግን ሳልነግርህ ተመለስኩ። አሁን የምጽፍልህ ለዚያ ነው።

ሚዛን መናኸሪያው አጠገብ የነበረችው የመጽሐፍ ማከራያ ኪዮስክህ ለመንገዱ ማስፋፊያ ከተነሳችና አንተም ወደ ቴፒ ከሄድክ ወዲህ እኔ የማወራው ሰው አጣሁ። ሳቅ ካማረህ ሳቅ። አማን ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነኝ፤ ስም እጠይቃለሁ፣ ካርድ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ የዘገየሁበት ሰው ይቆጣኛል፣ እኔም አልተኛለትም። ቤት ስገባ እናቴ አለች፣ እሁድ ኳየሩ አለ። ግን ያነበብኩት ነገር ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ቢውል የምተነፍስለት ሰው አልነበረኝም። አብራኝ ለምትሠራው ለጥሩነሽ አንዴ ልነግራት ጀምሬ «በእውነት የሆነ ታሪክ ነው?» አለችኝ። አይደለም ስላት «ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። አልተቀየምኳትም፣ እሷ የእኔን ያህል ጊዜ የላትም።

አንተ ግን ትጠይቀኝ ነበር። መጽሐፉን ስመልስልህ የተሰፋበት ክር አለመበጠሱን አገላብጠህ ታይና «እንዴት አየሽው?» ትለኛለህ። እኔም እዚያው ቆሜ እነግርሃለሁ። ባጃጆች ከኋላዬ ይጮኻሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮህን ይደበድበዋል፣ አንተ አገጭህን በእጅህ ደግፈህ ትሰማኛለህ። አንዳንዴ «እሱስ ልክ ነበር ትያለሽ?» ብለህ ትከራከረኛለህ። ማንም ሰው፣ የወለዱኝ ጭምር፣ እንደዚያ አድርጎ ሰምቶኝ አያውቅም። ቤት ሄጄ የምትጠይቀኝን እያሰብኩ ነበር የማነበው።

አሠራርህን ለሌላ ሰው ማስረዳት እንዴት ከባድ መሰለህ። ወፍራሙን መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻ ይዞት እንዳይከርም በምላጭ ትከፋፍለዋለህ። እያንዳንዱን ክፍል በጫማ ሰፊ ክር ትሰፋለህ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ታለብሰዋለህ፣ ላዩ ላይ በማርከር ቁጥሩን ትጽፋለህ። አንደኛውን የመለሰ ሁለተኛውን ይወስዳል። የአዲስ አበባ ሰው መጽሐፍ ሲባል ጀርባም ደረትም ያለው አንድ ነገር ነው የሚታየው። ለእኔ መጽሐፍ ማለት በየተራ የሚደርስ፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት ነገር ነበር።

ባለፈው ክረምት ሜሮን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ የምትጽፈውን የመጻሕፍት ብሎግ አገኘሁ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ እንደሷ ስላነበቡት የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ እርስ በርስ ይነባበባሉ፣ ቴሌግራም ላይም የጋራ ግሩፕ አላቸው። ሰው በመጽሐፍ ምክንያት እንዲህ ሲጨቃጨቅ አይቼ አላውቅም። አንድ ገጸ ባሕርይ ሚስቱን መተው ነበረበት አልነበረበትም በሚል ሁለት ሰዎች ሊኳረፉ ደርሰው አየሁ። እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። ለካ የእኔ ብጤ ሰው አለ አልኩ።

አዲስ የሚገባ ሰው ማንነቱን፣ የሚወደውንና የሚጠላውን የንባብ ዓይነት ጽፎ ራሱን ያስተዋውቃል። እኔ ለዚያች ጽሑፍ የተጨነቅኩትን ያህል ለሥራ ፈተናም አልተጨነቅኩም። ዝናብ ያለበት መጽሐፍ እወዳለሁ አልኩ፤ ዝናብ የሌለበት አገር በሐሳቤ አልመጣ ይለኛል። ሰው ሥራውን ሲሠራ የሚያሳየኝን መጽሐፍ እወዳለሁ፤ ሲሰፋ፣ በር ሲጠግን፣ ወረፋ ይዞ ሲቆጣ። ፍቅረኞቹ እንደ ሰባኪ የሚያወሩበት መጽሐፍ ቶሎ ይሰለቸኛል። አልቅሺ፣ አልቅሺ የሚለኝን ደራሲ አላምነውም። ከሁሉ በላይ ግን አንጠልጥለው የሚተዉኝን መጻሕፍት እወዳለሁ ብዬ ጻፍኩ። በሕይወት ውስጥ መጨረሻ ብሎ ነገር የለም፤ ይህን የሚያውቅ ደራሲ በሩ ሲንኳኳ ብዕሩን ያስቀምጣል አልኩ። አንድ ጊዜ ቀጫጭኖቹ መጻሕፍት ላይ «ተፈጸመ» የሚል አለ፣ ወፍራሞቹ ላይ ለምን የለም ብዬ ስጠይቅህ «ጎበዝ ደራሲ ተፈጸመ አይልም» ያልከኝን ጨመርኩበት። ስምህን አልጠራሁም፣ «አንድ ወዳጄ» ነው ያልኩት።

ወደዱት። ከሚዛን ቡና ብቻ ይመጣል ስንል አንባቢም መጣልን አሉ። ሜሮን ራሷ የራሴን ገጽ እንድከፍት መከረችኝ፣ አከፋፈቱንም በስልክ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት ልንገርህ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለአስተያየቶች መልስ እጽፋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መኮሮኒዬ ይቀዘቅዝብኛል። ጥሩነሽ ወንድ ያዝሽ እንዴ እያለች ታበሽቀኝ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀጥዬ ስለ ድሬዳዋዋ ልብስ ሰፊ ጻፍኩ። ባሏ ሄዶ የቀረባት፣ በየሳምንቱ ባቡር ጣቢያ እየወጣች የምትጠብቀው ሴት። ቁጥር ሁለት የተጻፈበት ክፍል ሲያበቃ ባቡሩ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። በቃ። ያንን መጽሐፍ ደጋግሜ እንደተከራየሁት አንተም ታውቃለህ፣ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው ያልከኝም አንተ ነህ። ያለኝን ሁሉ አወጣሁበት። ማን እንደወረደ አለመነገሩ ከስንት ሠርግ ይበልጣል አልኩ። ደራሲው ይህን ያደረገው ለእኛ ለምንጠብቅ ሰዎች ክብር ሲል ነው አልኩ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ጥሩው እሱ ነበር።

ፍሬአብ የሚባል ልጅ «እህቴ፣ ገና ሲሶው ይቀርሻል እኮ» ብሎ መለሰልኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። ሌላው ባልየው ይወርዳል፣ እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው አለ። አንዷ ያላነበብኩትን ክፍል በሁለት ጣቷ ይዛ ፎቶ ላከች፤ ውፍረቱ ደህና ዳቦ ያህላል። ከዚያ ሳቁ መጣ። በክፍል በክፍል ተከራይቼ ነው ያነበብኩት ብዬ ላስረዳ ስሞክር «በምላጭ?» ብለው ባሰባቸው። ያልጨረሰውን መጽሐፍ የሚያወራ ሰው ሲያገኙ «ሚዛን ላይ ወረደ» ማለት ጀመሩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እኔም በሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር።

ሳቁን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የሌሎቹን ነገር ነው። አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሰውዬው ወንዙ ዳር ቆሞ የሚቀርበት መጽሐፍ፣ ለካ ይሻገራል። እናትየዋ በሩን ዘግታ የምትቀርበት፣ ለካ ትከፍተዋለች፣ ከዚያም አልፎ ልጇን ድራ የልጅ ልጅ ታቅፋለች። ከአንተ ተከራይቼ የወደድኳቸው ወፍራም መጻሕፍት በሙሉ ቀሪ ነበራቸው። ጣዕሜ ነው ብዬ የኮራሁበት ነገር የጎደለ ወረቀት ሆኖ ቀረ። እናቴ «አንቺ ልጅ መጨረሻሽ ምንድን ነው?» ስትለኝ እየሳቅኩ የማልፈው በእነዚያ መጻሕፍት ተደግፌ ነበር። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ አልቸኩልም የምለው በእነሱ ነበር።

ያኔ አንድ ተስፋ ቀረኝ፣ እሱም አንተ ነህ። ሕዝቅያስም እንደኔ ተታሎ ይሆናል አልኩ። መጻሕፍቱን ከጅማ ሲገዛ ጎደሎ ሸጠውለት፣ እሱም እዚህ ያልቃል ብሎ አምኖ፣ አገጩን ይዞ ያቺን ሴት ከእኔ ጋር ጣቢያው ላይ ትቷት ይሆናል አልኩ። እንደዚያ ከሆነ ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ አንብበናል ማለት ነው። አገር ቢስቅብንም የኛ መጽሐፍ ነው። ይህን ይዤ ነው ሚኒባስ ውስጥ የገባሁት።

የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን ከእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ልንገርህ። ሱቅህ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ወፍረሃል፣ አምሮብሃል። ሔዋን ደግ ሴት ናት፣ ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ ነው ያስቀመጠችኝ። የሆድ የሆዳችንን ስንጫወት ቆየንና እንደ ቀላል ነገር አድርጌ ያ የባቡሩ መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ነበረው ወይ አልኩህ።

«ሁሉም ነበራቸው» አልከኝ። «የመጨረሻውን የወሰደ ሰው አይመልስማ። አንደኛውን የሚመልሰው ሁለተኛውን ፈልጎ ነው፣ ሁለተኛውን የሚመልሰው ሦስተኛውን ፈልጎ ነው። ሦስተኛውን ምን ብዬ ላስመልሰው? አንድ ዓመት ሳይሞላ መጨረሻ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ አልቀረም።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ያልቃል አልከኝ?»

«ይቀረዋል ብልሽ ትወስጂው ነበር?»

ልክ ነህ፣ አልወስደውም ነበር። እስከዚህ ድረስ እንኳ እችለው ነበር። ሰው እንጀራውን ሲፈልግ ትንሽ ይዋሻል። አንተስ መጨረሻውን ሳታውቅ እንዴት ቻልከው፣ አላሳዘነችህም ወይ አልኩህ። ሳቅክ።

«እኔ እኮ አላነብም ነበር፣ የምሥራች። መጽሐፍ ይዤ ብቀመጥ ሌባ አይጨርሰኝም? አንደኛውን ክፍል ገለጥ ገለጥ ካደረግኩ በዛ። ሌላውን ከእናንተ ነበር የምሰማው፣ ይበልጥ ካንቺ። አንቺ የነገርሽኝን ለሚቀጥለው ሰው ስነግረው ወዲያው ይከራያል።»

ሔዋንም ሳቀች፤ ይኸው ሰው ኮረሪማም እንዲህ ነው የሚሸጠው አለችኝ። እኔም አብሬያችሁ ሳቅኩ፣ ፓፓያዬንም ጨረስኩ። ለሠርጉ እንዳይመሽብኝ ብዬ ተነሳሁ። «እሱስ ልክ ነበር ትያለሽ?» እያልክ የተከራከርከኝ ሁሉ ከእኔ በፊት የተከራየው ሰው ሐሳብ እንደነበር የገባኝ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ ቡና ተክሉን አልፈን ጫካው መሃል ስንደርስ ነው። ሁለታችን አንብበናል ያልኩትን ያነበብኩት ብቻዬን ነበር።

ሜሮን አዝናልኝ የሦስተኛውን ክፍል ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ አውራ ጣቷ በየገጹ ጥግ ይታያል። አነበብኩት። ባልየው ይወርዳል፣ ዓይኑ ጠፍቷል። ሴትየዋ ለእሱ ልብስ መስፋት ትጀምራለች፤ እሱም በጣቱ እየዳሰሰ ስፌቱን ይነቅፍባታል። ጥሩ ነው ሕዝቅያስ፣ ከእኔ መጨረሻ በጣም ይሻላል። አንብቤ ስጨርስ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ስለሱ የምነግረው ሰው አልመጣልኝም።

ግሩፑን ለቅቄ ወጣሁ፣ ገጼንም ዘጋሁት። ተመለሺ ብለው ሁለት ሦስቱ ጽፈውልኛል፣ ፍሬአብም ይቅርታ ጠይቆኛል። ነገር ግን አሁን መጽሐፍ ሳነሳ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄጄ መኖሩን አያለሁ። ካየሁት በኋላ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ለማንበብ ልቤ እንቢ ይለኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። አሁን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ቤት ነው የምገባው፤ ጥሩነሽም ወንዱ ተወሽ እንዴ ማለት ጀምራለች።

በአንተ ላይ ቂም የለኝም፤ ሱቅህ ይቅናህ፣ ሔዋንንም ሰላም በልልኝ። ይህ ደብዳቤ እንደረዘመ እኔም አይቻለሁ። ስታገኘው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ ታደርግና ሔዋንን «የሚዛኗ ልጅ ናት፣ ስለ መጽሐፍ ነው» ብለሃት ወደ ገበያህ ትመለሳለህ። እዚህ ድረስ አትደርስም። ስለማትደርስም እዚህ ቦታ ላይ የፈለግኩትን መጻፍ እችላለሁ።

እወድህ ነበር። ቴፒ ደርሼ ከተመለስኩም በኋላ አልተወኝም።

ደህና ሁን፣
የምሥራች
ሚዛን