ባለመስታወቱ ቁምሳጥን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እታለም? ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ተሻላት ወይ? ክንድሽስ እንዴት ሆነ፣ ጄሶው መቼ እንደሚፈታ ነገሩሽ? ሰው ሲጠይቅሽ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው እንደምትዪ ሰማሁ። ቤታችሁ ደረጃ እንደሌለው የሚያውቅ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል አሉ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሁለት ወር ሊሆነው ነው።

ይህን ደብዳቤ እዚያው ልብስ ሰፊዋ ጋ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ስትጨርሺ ለእሷው መልሺላት፣ ታቃጥለዋለች። ይዘሽው ቤት እንዳትገቢ። ባልሽ ቦርሳሽን እንደሚፈትሽ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። እየሳቅሽ ነበር የነገርሽኝ፤ እኔም አብሬሽ ሳቅኩ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ ብቻ ሳነሳ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። አገጭ ቀና፣ ጆሮ ይታይ፣ አትሳቅ፣ ጠቅ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ዓይንሽ ሥራ ፈታ ብለው ሊያስተምሩኝ የተነሱት ዘንድሮ ነው። ሰውን መሃል ላይ እንደ ምሰሶ አትትከይው አሉኝ። ፎቶውን በሐሳብሽ በቁመትም በአግድምም ሦስት ቦታ ክፈይና መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ አስቀምጪው፤ ወደሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ተዪለት። ከመጫንሽ በፊት ደግሞ አራቱንም ጥግ እዪ፣ ጥግ ላይ የተረሳ ባልዲ ሙሽራ ያዋርዳል። ከሁሉ አብልጠው የሚደጋግሙት ግን ፎቶ የሚያምረው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው የሚለውን ነበር። እኔም አበድኩልሽ። አውቶቡስ ውስጥ የሰው ትከሻ ሦስት ቦታ ስከፋፍል ስንት ቀን የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

ባልሽ ለማስታወቂያ የሚሆን የአልጋና የቁምሳጥን ፎቶ አንሺልኝ ሲለኝ የፈነጠዝኩት ለዚህ ነው። ያን ቀን ምሳውን ይዘሽለት ስትመጪ እኔ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ከባለመስታወቱ ቁምሳጥን ጋር ስታገል ነበር። መስታወት ለጀማሪ ጠላት ነው፤ የትም ብትቆሚ ራስሽን ያሳይሻል። አንድ ደንበኛ ገባና የቁምሳጥኑ እንጨት ደርቋል ወይ ብሎ አንቺን ጠየቀሽ። መዋሸት አታውቂበትም፤ ገና ነው፣ አንድ ወር ይቀረዋል አልሽው። ሰውየው አመስግኖሽ ሳይገዛ ወጣ። ባልሽም ፈገግ እያለ እስከ በሩ ድረስ ሸኘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ በሕመሙ ነው የምታውቂው፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ፀጉርሽን ጨምድዶ ይዞ ግንባርሽን ከቁምሳጥኑ ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንዴ አይደለም። በሦስተኛው ደምሽ መስታወቱ ላይ ተረጨ። ስትወድቂ ሆድሽን ረገጠሽ። ልትነሺ ቁምሳጥኑን ስትይዢ በሩን ክንድሽ ላይ በሙሉ ኃይሉ ዘጋው። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። አሁንም ፀጉርሽን አልለቀቀም። ከኋላ ያሉት ሠራተኞች በመጋዙ ጩኸት ምንም አልሰሙም። የሰማው ዝምተኛው ብቻ ነው፤ ከደህና ዋሉ ሌላ ቃል ስላልሰማንበት ዝምተኛው ያልነው አናጢ። መዶሻውን እንደያዘ ከጥግ መጣና አንዴ አነሳው። ሲያሳርፈው የባልሽ መንጋጋ ተሰበረ፣ ሁለት ጥርሱም ሰጋቱራው ላይ ወደቀ። መዶሻው ትንሽ ከፍ ብሎ ባረፈ ኖሮ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንቺ ልናገር።

ሠራተኞቹ ሲወጡ ያዩት ጌታቸው ደም ሲተፋ ነው። ጣውላ ጣውላ አንስተው ዝምተኛው ላይ ወረዱበት። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ጀርባውን፣ አንዱ ከወደቀ በኋላ ፊቱን። እሱ መዶሻውን ጥሎ ራሱን በእጁ ከመሸፈን ሌላ ምንም አላደረገም፣ አንድ ቃልም አልወጣው። ፖሊስ ሲወስደው ሁለት ሰው ደግፎት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባልሽ አፉን ታስሮ ፎቶ ቤት መጣ። መናገር ስለማይችል ወረቀት ላይ ጽፎ ጠየቀኝ፤ ያን ቀን ያነሳሽው አለ ወይ? አንዱን ሰጠሁት። ዝምተኛው መዶሻውን ከራሱ በላይ አንስቷል፣ ባልሽ በድንጋጤ አፉን ከፍቷል፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶው ቦታ መዶሻው እስኪወርድ ይጠብቃል። ሽማግሌው ሲያዩት አሁን ገና ፎቶ አነሳሽ አሉኝ። እኔም ኮራሁ። ዛሬ ያ ፎቶ የክሱ መዝገብ ውስጥ አለ። ክሱ የመግደል ሙከራ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ዝምተኛው ግን እያደረ ያለው እስር ቤት ነው።

ደውለሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ገመናዬን አደባባይ አታውጪብኝ፣ ለልጆቼ ስትዪ እኔን ከፎቶው ቁረጪኝ ብለሽ ለመንሽኝ። እሺ አልኩሽ፣ አብሬሽም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሕሊናዬ በጠየቀኝ ቁጥር እሷ ናት የለመነችኝ እያልኩ ሰነበትኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እታለም፣ አንቺ ስትደውዪልኝ እኔ ፎቶውን ቆርጬ ጨርሻለሁ።

ሙሉው ፎቶ ላይ በግራ በኩል አንቺ ወለሉ ላይ ነሽ፣ ፀጉርሽ በባልሽ ጡጫ ውስጥ ነው። ከአንቺ በላይ መስታወቱ አለ። መስታወቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ካሜራው ፊቴ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ መርፌ ላይ ክር እንደምታስገባ ሰው ረጋ ብዬ ቆሜአለሁ። የቆረጥኩት መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ነው። አንቺ ከሥሯ ስለነበርሽ አብረሽ ተቆረጥሽ።

ያነሳሁት ሰባት ነው። ካሜራው ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄጃለሁ። አንቺን ላስጥል አልነበረም። ምሰሶው ባልሽን ስለከለለብኝ ነው። አባታችን ለእኔ ብሎ ቀበቶውን ሲፈታ መሃል ገብተሽ ጀርባሽን የምትሰጪው አንቺ ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ ቆም ብለሽ ስታስቢ አላየሁሽም።

ትናንት ሙሉውን ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ሳያነሱብኝ ከቁልፎቻቸው አንዱን ፈትተው ሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት ሰባቱንም ሳይቆረጡ ለዝምተኛው ጠበቃ አስረከብኩ። ጠበቃዋ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እየተማርኩ ነበር አልኳት። እሷም እንዳልኩት ጻፈችው።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ፎቶዎቹ ችሎት ላይ ይታያሉ፣ ባልሽም ያያል። ገመናሽን ሳላስፈቅድሽ አውጥቻለሁ፤ ብትረግሚኝ አልፈርድብሽም፣ ግን ከሐሙስ በኋላ ርገሚኝ። ሐሙስ ከፍርድ ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንቺ እዚያ እንዳትገኚ። የሽማግሌው ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፎቿ ጋር ቀላቅላ ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ድሮ ፊልም የሚያጥቡባት ጨለማ ክፍል አለች። መስኮት የላትም፣ በሯም ከውስጥ ይቆለፋል። ባልሽ መኖሯን እንኳ አያውቅም። ሁለት ፍራሽ አንጥፌባታለሁ፣ ለትንሿም የሳል ሽሮፕ ገዝቻለሁ።

ረቡዕ ሥራ ሲሄድ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ሻንጣ አትያዢ፤ ጎረቤት ከጠየቀሽ ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ላስነሳቸው ነው በዪ። ውሸትም አይሆንብሽም፣ እውነትም አነሳቸዋለሁ። ወንበሩንና ነጩን መጋረጃ አዘጋጅቻለሁ። አንቺንም አነሳሻለሁ፣ ከነጄሶሽ፣ መሃል ላይ፣ ፊት ለፊት። ከዚያ ካሜራውን ለሽማግሌው እመልስላቸዋለሁ።

ፈጣሪ እስከ ረቡዕ ከባልሽ እጅ ይጠብቅሽ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ክንድሽን እንደነበረ ያድርግልሽ። እኔ ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ።

አርባ አንድ ሰከንድ የዘገየችብሽ፣
ታናሽ እህትሽ