ሞቱ ያልጸደቀለት ዓሣ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኃይለሚካኤል ሀብተ ማርያም፤ አሰብ ወደብ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ያ የአሰብ ሙቀት አቅልጦ አልጨረሰህም ወይ? የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ እንደ አምናው ደጅ ነው የምታድረው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ልደታም ደህና ናት። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አጥሯ ሁሉ ቀለም ተቀብቷል፤ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጭቃ ግን አንተ ስትሄድ እንደነበረው ነው።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ወስጄ ሳይሆን በሾፌሩ በአብዱልወሃብ እጅ የላክሁት ስለ ቀበሌ ሊቀመንበራችን ስለ ጓድ ነጋ የምጽፈው ስላለኝ ነው። አንብበህ ቅደደው።

ጓድ ነጋ ለበዓሉ እንግዳ የሚያሳየው ባሕር አምሮት የለመነህ ውሃ በበርሜል፣ የባሕሩ ድንጋይም እንደረጠበ በማዳበሪያ ከረጢት ደርሶናል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የተሠራው የመስታወት ገንዳም ቀበሌው አዳራሽ ተቀምጧል። ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመው የአዳራሹ ጠባቂ፣ አባባ ነው። እንዳዘዝከኝ ውሃውን ሞላን፣ የአየር ፓምፑን ሰካን፣ ጥፍር የምታህል የዓሣ ቁራጭ ጣልንበት። ቁራጯ ስትበሰብስ መርዝ እንደምታወጣ፣ ድንጋዩ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት መርዙን እየበሉ እንደሚባዙ፣ እነሱ እስኪበረክቱ ዓሣ እንደማይገባ ለታላላቆቹ ሁሉ አስረዳሁ። የሴቶች ማኅበሯ እትዬ ድንቅነሽ፣ ወንድምሽ ይህን ሁሉ ውሃ ያስጫነው ትል ለማርባት ነው እንዴ አሉኝ። ቅዳሜ በጽዳት ዘመቻው ቁራጯን በጭልፋ አውጥተው ጣሏት። ሲወጡ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው እንደ ጀግና ተመለከቱኝ።

ጓድ ነጋ ባሰ። ዓሣ የሌለበት ውሃ ሲያይ ከርሞ፣ አብዮቱ ውሃ እስኪበስል አይጠብቅም ብሎ ተነሣ። ከደብረ ዘይት ሐይቅ አንድ ትልቅ ቆሮሶ በባልዲ አስመጣና በስብሰባ ፊት ጨመረው። የሐይቅ ዓሣ የባሕር ውሃ ይገድለዋል ብዬ ብነግረው፣ አንቺ ልጅ፣ ዓሣ ዓሣ ነው፣ የመደብ ልዩነት የለውም አለኝ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ዓሣው በጎኑ ተጋደመ፤ ሲመሽ ሞቶ ድንጋዩ መሃል ገባ።

አባባ ሊያወጣው ቢል ጓድ ነጋ እጁን ያዘው። ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት «ዓሣው ከአዲሱ ኑሮው ጋር ተላምዷል» የሚል ሪፖርት ሄዷል፤ ስለዚህ መሞቱ አስቀድሞ በኮሚቴ መጽደቅ አለበት። ኮሚቴው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል፣ አንዱ ዕድር አለብኝ ይላል፣ የመጣው ደግሞ ብቻዬን ምን አባቴ ላድርግ ብሎ ይመለሳል። እኔን ያናደዱኝ ሌሎቹ ታላላቆች ናቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ይገቡና፣ ዛሬስ ደስ ብሎታል፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል ይባባላሉ። ለታላቅ አክብሮት የለሽም እያሉ የሚቆጡኝ እነዚሁ ናቸው። እስቲ አንተ ፍረድ፤ የሞተ ዓሣ ተኝቷል ለሚል ሰው ከመቀመጫዬ የምነሣው ለየትኛው አእምሮው ነው?

ውሃው መጀመሪያ ወተት መሰለ፤ አዳራሹ ሸቶ ስብሰባው ሁሉ አጭር ሆነ፤ እሱን እንኳ ወድጄዋለሁ። ኮሚቴው እንደ ምንም ተሟልቶ ሲመጣ ከእሾህ በቀር ዓሣ የለም። ዓሣው ስለሌለ የሚታይ ጉዳይ የለም ብለው ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ግን ሽታው ጠፋ፣ ውሃው ጠራ፣ መስታወቱ ላይ ቡናማ፣ ቀጥሎም አረንጓዴ ነገር ያዘ። የነገርከኝ ምልክት ይኸው ነው። በቁራጭ ሥጋ የሚሠራውን ሥራ በሙሉ ሬሳ ሠርተውታል። እያወቁ ቢሆን ኖሮ አመሰግናቸው ነበር።

የጨነቀኝ አሁን ነው። ለአሥረኛው ዓመት አሥር ዓሣ ባንድ ጊዜ እንድትልክ በአባባ ስም ቴሌግራም ሊላክልህ ነው። አንተው እንደነገርከኝ፣ ያን ያህል ዓሣ ባንዴ ከገባ ነፍሳቱ መርዙን አይችሉትም፤ አሥሩም በእንግዳ ፊት ይንሳፈፋሉ። ያን ጊዜ ጓድ ነጋ ጣቱን ወደ ፊርማው ይቀስራል። ፊርማው የአባባ ነው። አሻጥር የምትባለዋ ቃል ስንቱን ከቤቱ እንዳወጣች ታውቃለህ። አባባ ግን እምቢ ማለት አልፈጠረበትም፤ ገንዳውን ከውጭ መወልወል ብቻ ሆኗል ሥራው።

እባክህ ቴሌግራሙን አትስማ። አንዲት ጠንካራ ዓሣ ብቻ ምረጥና በአውሮፕላን ላካት። ስለቀሩት ዘጠኙ አታስብ፤ ጓድ ነጋ በሪፖርት ይሞላቸዋል። ለእንግዶቹ ድንጋይ ሥር ናቸው ይባላል፤ እትዬ ድንቅነሽም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ ብለው ይምላሉ።

እማዬ ሆድህን እንዳታስርብ ትልሃለች። ትንሹ አምሳሉ ሁለት ጥርስ ማውለቁን ንገሪልኝ ብሎኛል። አብሮህ ለሚኖረው ለመሐሙድና ምግብ ለምትሠራላችሁ ለዙሃራ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። አባባ ይህን መጻፌን አያውቅም፤ ስለዚህ በሱ ፈንታ እኔው ጉንጭህን ስሜሃለሁ።

እህትህ የሻረግ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.